ወንበር የሌለበት ሊቀመንበር

ሺአን ከተማ ስማር ክፍል ያከራዩኝ ሴት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች «ላኦሺ» እላቸው ነበር፤ መምህር ማለት ነው። ማታ ሻይ ሲያፈሉ ይጠሩኝና ስለ አገሬ ይጠይቁኛል፤ እኔም ስለ አገራቸው እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ጨዋታችን ወደ ድሮው ዘመን ሄደና «ማኦ ጁሺን በእናንተ ቋንቋ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?» አሉኝ። «ሊቀመንበር ማኦ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ቃሉን ለሁለት ከፍዬ፣ ሊቀ ማለት አለቃ፣ መንበር ማለት ወንበር መሆኑን በምችለው ቻይንኛ አስረዳኋቸው። ወንበር በእነሱ አፍ «ዪዝ» ነው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ዪዝ? ከየት የመጣ ዪዝ? በእኛ ቃል ውስጥ ዪዝ የለም። ያለው ሺ ነው፤ መሬት ላይ የሚነጠፈው።» ጣታቸውን ሻይ ነክረው ፊደሉን ጠረጴዛው ላይ ጻፉልኝ፤ ከላይ ጣራ የሚመስል ጭረት፣ ከሥር ደግሞ ጨርቅን የሚያመለክት ክፍል። «ጁ» ባለቤት ወይም ጋባዥ ማለት ነው። «ሺ» ደግሞ ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከሣር የሚሠራ ምንጣፍ ነው፤ እኛ ሰሌን ልንለው እንችላለን። ማኦ በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሩይጂን ላይ የቻይና ሶቪየት ሪፐብሊክ ማዕከላዊ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጁሺ ሆኖ ተመረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ከስሙ ሳይለይ ኖረ። በደርግ ዘመን የኖረ ወይም ከወላጆቹ የሰማ ሰው «ሊቀመንበር» ሲባል አንድ ከፍ ያለ መቀመጫ በዓይነ ሕሊናው ይመጣበታል። ቻይናዊው ግን ያንኑ ሰው «የሰሌኑ ባለቤት» ሲል ነው የኖረው።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዛሬ ሺአን ውስጥ እንግዳውን ሰሌን ላይ የሚያስቀምጥ ቤት አላየሁም። ሁሉም ቤት ጠረጴዛና ወንበር አለው። ታዲያ ሰሌኑ ከአገር መሪ ማዕረግ ውስጥ ምን ይሠራል? ወንበሩስ ለምን እዚያ አልገባም? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ ግን ይህን ስም ምን ዓይነት ሰዎች፣ እንዴት ተቀምጠው እንዳወጡት ማወቅ ፈለግሁ።

ሰሌን ላይ የቆመ ሥርዓት

የጥንት ቻይናውያን መሬት ላይ ሲቀመጡ ዝም ብለው ዘፍ አይሉም ነበር። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ዳሌያቸውን ተረከዛቸው ላይ አሳርፈው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ነው። «ዙዎ» የሚለው፣ መቀመጥ የሚል ትርጉም ያለው ፊደል፣ ሁለት የሰው ምልክት ከላይ፣ የአፈር ምልክት ከሥር ነው፤ መሬት ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች። እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ከባድ ነውር ነበር። ልብሳቸው ከሥሩ ክፍት ስለነበረ እግሩን የዘረጋ ሰው ገላውን ያጋልጣል። ኮንፊሽየስ ዩዋን ራንግ የሚባል የድሮ ወዳጁን እግሩን ዘርፍጦ ሲጠብቀው አገኘውና በቃል ከወቀሰው በኋላ በያዘው ዘንግ ቅልጥሙን መታው። ስለ ኮንፊሽየስ ልማድ ከተጻፉት መካከል አንዱ ደግሞ ሰሌኑ ተስተካክሎ ካልተነጠፈ እንደማይቀመጥ ይናገራል።

ማን ከማን ጋር በአንድ ሰሌን እንደሚቀመጥ፣ ለማን ስንት ሰሌን እንደሚደረብ የሰውን ደረጃ ይነግር ነበር። በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ የኖረ ጓን ኒንግ የሚባል ምሁር ከጓደኛው ከኋ ሺን ጋር አንድ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ሲያነብ፣ የባለሥልጣን ሠረገላ በደጅ አለፈ። ጓን ኒንግ ንባቡን ቀጠለ፤ ጓደኛው ግን መጽሐፉን ጥሎ ለማየት ወጣ። ሲመለስ ጓን ኒንግ ሰሌኑን ለሁለት ቆርጦ ቦታቸውን ለይቶ ጠበቀው፤ ከእንግዲህ ወዳጄ አይደለህም ብሎም ነገረው። ዛሬም በቻይንኛ «ሰሌን መቁረጥ» ማለት ወዳጅነትን ማፍረስ ነው። ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ሰሌኑን እንደ ዕቃ ማየት አቆምኩ። ማኅበር የሚባለው ነገር ሁሉ የሚሠራው እሱ ላይ ነበር።

ቋንቋው ያንን አልጣለም። ስብሰባ ላይ መገኘት «ቹሺ» ነው፤ ፊደሉን ተከትለን ብንፈታው ወደ ሰሌኑ መውጣት። መቅረት «ቹዌሺ» ነው፤ ሰሌን ማጉደል። ድግስ «ጂዮሺ»፣ የመጠጥ ሰሌን ይባላል። የምክር ቤት መቀመጫ «ሺዌይ» ነው፣ የሰሌን ቦታ። በአማርኛ ዜና የቻይና ፕሬዚዳንት የምንላቸው ሰውም በአገራቸው ቋንቋ ማዕረጋቸው ያው የጥንቱ ጁሺ ነው። (የቤተሰብ ስማቸውም በድምፅ ሺ ነው። ፊደሉ ግን ሌላ ነው፤ ከሰሌን ጋር ምንም ዝምድና የለውም።)

የባዕዳን አልጋ

ከመሬት ከፍ ያለው መቀመጫ ቻይና የገባው «ሁ ቹዋንግ» በሚል ስም ነው። ሁ የሚባሉት በሰሜንና በምዕራብ ያሉ ባዕዳን ሕዝቦች ናቸው። ቹዋንግ ደግሞ አልጋ ነው፤ የጥንቱ ቹዋንግ መኝታም መቀመጫም ስለነበረ፣ አልጋ ወራሽ እያለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከ168 እስከ 189 የነገሠው የሃን ንጉሠ ነገሥት ሊንግ የባዕድ ልብስ፣ የባዕድ ድንኳን፣ የባዕድ ምግብና ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ የባዕዳን አልጋና የባዕዳን አቀማመጥም አብረው ተጠቅሰዋል። የዋና ከተማዋ መኳንንትም ተከተሉት። ታሪክ ጸሐፊው ይህንን ሁሉ የመዘገበው ለአገር የመጣ ክፉ ምልክት አድርጎ ነው።

ያ አገር ያጠፋል የተባለ ዕቃ ዛሬ በሺአን ግንብ ሥር ባሉ መናፈሻዎች በሽማግሌዎች ብብት ሥር ይታያል። «ማጃ» ይሉታል። ሁለት የእንጨት ክፈፎች መሀል ላይ እንደ መቀስ ተላልፈው በብረት ዘንግ ተያይዘዋል፤ ከላይ ባሉት ሁለት አግዳሚዎች መካከል ገመድ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ተወጥሯል። ሲዘረጋ የአንድ ሰው መቀመጫ ይሆናል፤ ሲታጠፍ አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ነው። አንድ አዛውንት የቻይና ቼዝ ሊጫወቱ መጥተው ሲቀመጡበት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አንዴ በእግራቸው ገፋ አድርገው ከፈቱት፣ ገመዱን በመዳፋቸው ጫን ብለው አዩትና ተቀመጡ። ጨዋታው ሲያልቅ በአንድ እጃቸው አጥፈው ሄዱ። በፈረስ የሚዘዋወሩ ሰዎች ለምን እንደወደዱት ለመረዳት ይህን ማየት ይበቃል።

የሱይ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ያንግ ባዕዳንን በጣም ይጠራጠር ስለነበረ «ሁ» የሚለውን ቃል ከስሞች አስወጣ ይባላል። የባዕዳን አልጋ «ጂያዎ ቹዋንግ» ሆነ፤ የተላለፈ አልጋ። «የባዕድ ቅል» ይባል የነበረው ኪያርም «ቢጫ ቅል» ተባለ፤ ቻይናውያን እስከ ዛሬ አረንጓዴውን ኪያር ቢጫ እያሉ ይሸጡታል። እኔ ግን በዚህ ጊዜ የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ማጃ መደገፊያ የለውም። ዪዝ ደግሞ መደገፊያ አለው። በመካከላቸው አንድ የሆነ ነገር መከሰት አለበት።

መደገፊያው የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በቡድሃ መነኮሳት። የጥንት ቅርስ አጥኚው ኦሬል ስታይን በ1901 ታክላማካን በረሃ ውስጥ በምትገኘው በኒያ ፍርስራሽ ያገኘው የተቀረጸ የእንጨት ወንበር ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። በሰሜን ምዕራብ ቻይና በዱንኋንግ ከተማ አጠገብ ካሉት የሞጋዎ ዋሻዎች በ285ኛው ግድግዳ ላይ፣ 538 እና 539 የሚሉ ዓመታት በተጻፉበት ዋሻ ውስጥ፣ አንድ መነኩሴ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተስሏል። መነኮሳቱ ለተመስጦ ይጠቀሙበት የነበረው መቀመጫ «የገመድ አልጋ» ይባል ነበር፤ መቀመጫው እንደ ጠፍር አልጋ በገመድ የተጠላለፈ ነውና።

ሰውየውና ዛፉ

ዪ የሚለውን የዛሬውን ፊደል ቻይንኛ የሚማር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚነገረው። በግራ በኩል ዛፍ አለ። በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ለብቻው ሲቆም «ቺ» ይነበባል፤ ድንቅ፣ እንግዳ ማለት ነው። ስለዚህ ወንበር «ድንቅ እንጨት» ነው ይሉናል። ለማስታወስ ይረዳል፤ እውነት ግን አይደለም። ያ የቀኝ ክፍል እዚያ የገባው ለድምፁ ነው። ፈረስ መጋለብ በሚለው ፊደል ውስጥ አለ፣ መላክና አደራ መስጠት በሚለውም ውስጥ አለ፤ አንዱም ስለ ድንቅ ነገር አያወራም። ቻይንኛን በእንዲህ ዓይነት የሥዕል ተረት ማስተማር ቋንቋውን ይበድለዋል ብዬ አምናለሁ፤ እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይበልጥ ያማረ ነውና።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ ጥንታዊ ቻይንኛ የሚያስተምሩንን መምህር ጠየቅኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የድንጋይ ጽሑፍ ቅጂዎች የተሰበሰቡበትን መጽሐፍ ስም ጽፈው ሰጡኝና «የጂዱን ቤተ መቅደስ ፈልግ» አሉኝ።

ጂዱ በሄናን ክፍለ ሀገር፣ ጂዩዋን ውስጥ የሚገኝ የወንዝ አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። መንግሥት መሥዋዕት ከሚያቀርብላቸው ከአራቱ ታላላቅ ወንዞች ለአንዱ የተሠራ ሲሆን፣ በግቢው ለሰሜን ባሕር የሚሠዋበት መድረክም ነበረ። በ797፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የዚያ መድረክ የመሥዋዕት ዕቃዎችና ሌሎች ንብረቶች ዝርዝር ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ደረቅ ዝርዝር ነው፤ ዕቃ፣ ቁጥር፣ ዕቃ፣ ቁጥር። በመካከሉ «የገመድ አልጋ አሥር» ይላል። ከዚያ አንድ አጭር ማስታወሻ ይከተላል፤ «ከነሱ አራቱ ዪዝ»።

ፎቶውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ፊደሉ ዛፍ የለውም። በግራ በኩል፣ ዛፉ መኖር በነበረበት ቦታ፣ የሰው ምልክት ነው ያለው፤ አንድ ዘመም ያለ ጭረትና ከሥሩ የቆመ ጭረት። የቀኙ ክፍል ያው ነው። ይህ የሰው ምልክት ያለበት ዪ የቤት ዕቃ ስም አይደለም፤ ግስ ነው። መደገፍ፣ መጠጋት፣ ዘንበል ብሎ ክብደትን በሌላ ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። የመዝገብ ጸሐፊው ከአሥሩ የገመድ አልጋዎች አራቱን ከሌሎቹ መለየት ፈልጎ «የሚደገፉበት» ብሏቸዋል። ዪዝ ያኔ ራሱን የቻለ ዕቃ ገና አልነበረም፤ የገመድ አልጋ ዓይነት ነበር፤ ስሙ የተለየው በዚያ በጀርባው ምክንያት ነው።

ማታ በሜትሮ ወደ ቤቴ ስመለስ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የባቡሩ በር ላይ፣ በየቀኑ የማየውና አንብቤው የማላውቀው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ እባክዎ በሩን አይደገፉ። «አይደገፉ» በሚለው ቃል ውስጥ ያ ፊደል አለ። ሰውየው በግራ፣ ያው ድምፅ ሰጪ ክፍል በቀኝ፤ ቀን ድንጋዩ ላይ ያየሁት ራሱ። ሺህ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቃል በሙሉ ጤናው ሥራ ላይ ነው፤ ሕዝብ በተጨናነቀበት ባቡር ውስጥ ሰዎችን ከበሩ ያርቃል። የወንበር ወላጅ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጣቢያዎችን አልፌ መሄዴን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ሐሳቤ ከዚያ ቃል አልተላቀቀም።

የእኛ መንበር ከግዕዙ «ነበረ» የመጣ ነው፤ ተቀመጠ ማለት ነው። ወንበራችን የመቀመጫ ቦታ ነው። ቻይናዊው ግን ለመቀመጥ ዕቃ አላስፈለገውም፤ መሬቱ ነበረው፣ ሰሌኑ ነበረው፣ ሥርዓቱም ነበረው። መቀመጥ የሚለው ቃል አፈር ላይ ተጽፎ አልቋል። ባዕዱ ዕቃ ሲመጣ አዲስ ሆኖ የተገኘው መቀመጡ ሳይሆን ጀርባው ነው። አዲሱን ነገር አዩና በአዲሱ ነገር ጠሩት።

ደግሞም መደገፍ በዚያ አገር ቀላል ነገር አልነበረም። ሰሌን ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን አቅንቶ ነው የሚቆየው። ክንድ የሚያሳርፉበት ዝቅ ያለች መደገፊያ ነበረች፤ ለታላላቆች የምትሰጥ። የጥንቱ የሥርዓት መጽሐፍ እንደሚለው ሹም 70 ዓመት ሲሞላው ከሥራ ይሰናበታል፤ መሰናበት ካልተፈቀደለት ግን ንጉሡ መደገፊያና ምርኩዝ ይሰጠዋል። እንግዲህ መደገፍ በዕድሜ የሚገኝ መብት፣ ከዙፋን የሚሰጥ ስጦታ ነበር ማለት ነው። ዪዝ ያንን የሽማግሌ መብት ጀርባው ላይ ተሸክሞ መጣና ለማንም ሰጠው። በሃያ ዓመት ጎረምሳና በሰባ ዓመት አዛውንት ጀርባ መካከል የነበረውን ልዩነት አነሳ። ለዚህ ነው ወንበር መልመድ የቤት ዕቃ መለወጥ ብቻ ነው የሚለውን አባባል የማልቀበለው።

በጓሮ በር የገባ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከንጉሥ ሊንግ ማጃ እስከ ተራው ቤት ወንበር ድረስ ወደ ሺህ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በ838 ወደ ታንግ የመጣው ጃፓናዊ መነኩሴ ኤኒን ያንግጆው ላይ ሹማምንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ማየቱን በማስታወሻው ጽፏል። የእሱ አገር ሰዎች ይህን ልማድ ከቻይና አልወሰዱም፤ ፊደሉን፣ ሃይማኖቱንና ሻዩን ወስደው ሰሌናቸው ላይ ቀሩ። እዚያው ሺአን ውስጥ በ756 የተቀበረው የጋዎ ዩዋንጉዪ መቃብር ግድግዳ ላይ ባለቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተስሏል። ለሠዓሊው ለጉ ሆንግጆንግ የሚሰጠውና ዛሬ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው የሃን ሺጻይ የሌሊት ድግስ ሥዕል ላይ ደግሞ፣ ጋባዡ ሰፊ ወንበር ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ያን ሥዕል ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሰውየው ወንበር ላይ ወጥቷል፣ እግሩ ግን አሁንም ሰሌን ላይ ነው።

ክብር ያለበት ቦታ በቀላሉ አልተለቀቀም። ከ1125 እስከ 1210 የኖረው ገጣሚ ሉ ዩ ከአንድ አዛውንት ሰምቶ እንደመዘገበው፣ ቀደም ባለው ጊዜ በባለሥልጣን ቤት ሴት ወንበር ወይም በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ሥርዓት የማታውቅ ተብላ ይሳቅባት ነበር። ገጣሚው ሱ ሺ ደግሞ በአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን ሌላ ነገር ታዘበ። የቅዱሳኑ ጠቢባን ምስሎች በአዲሱ ልማድ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ የመሥዋዕቱ ዕቃ ግን በጥንቱ ሥርዓት መሬት ላይ ይደረደራል። ዕቃዎቹ የተሠሩት ሰሌን ላይ ለተቀመጠ ሰው ቁመት ነው። መናፍስቱ የቀረበላቸውን መብላት ከፈለጉ ከመቀመጫቸው ወርደው መዳህ ሊኖርባቸው ነው አለ።

የሰሌኑ ስም በማዕረግ ውስጥ የቀረበት ምክንያት እዚህ የሚታይ ይመስለኛል። ወንበሩ የገባው በጓሮ በር ነው፤ በጦር ሰፈር፣ በገዳም፣ በመጠጥ ቤት። የመንግሥትና የአምልኮ ቃላት ግን ቀድመው ሰሌን ላይ ተሠርተው አልቀው ነበር። ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ ቃሉ አብሮት አልተነሳም። ጁሺ መጀመሪያ የድግሱ ጋባዥ፣ ሥርዓቱን የሚመራ ሰው ነበር። ኋላ ፈረንጆች ሰብሳቢን በወንበር የሚጠሩበትን ቃል ይዘው ሲመጡ፣ እኛ በመንበር ተረጎምነው፣ ቻይናውያን ደግሞ የራሳቸው ዝግጁ ቃል ስለነበራቸው ወንበሩን አላስፈለጋቸውም።

ይህ መልስ ግን ሙሉ አይደለም፤ ወንበሩም የራሱን ሥልጣን አግኝቷልና። ማጃ ላይ መደገፊያ ሲጨመርበት «ጂያዎዪ» ሆነ፤ የሚታጠፍ ወንበር። የጦር አዛዥ በሄደበት የሚከተለው መቀመጫ እሱ ነበር። ዛሬ በሰፈር ቻይንኛ አንድን ሰው «የመጀመሪያው ጂያዎዪ ላይ ተቀመጠ» ካሉት የሁሉ አለቃ ሆነ ማለት ነው፤ ለሽፍታም፣ ለኩባንያም፣ ለስፖርት ቡድንም ይባላል። ችላ ተብሎ የተረሳ ሰው ደግሞ «ቀዝቃዛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ» ይባላል። የአዋጅ ቋንቋ ሰሌኑ ላይ ቀርቷል፣ የመንገድ ቋንቋ ወንበር ላይ ወጥቷል። ሁለቱ አንድ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የኋንግ ቻዎዪንግ ቅሬታ

በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ኋንግ ቻዎዪንግ የሚባል ሊቅ በዘመኑ ሰዎች አጻጻፍ ተናደደ። ወንበርና ጠረጴዛን በዛፍ ምልክት የሚጽፉት ለምንድን ነው? ምንም ትርጉም የለውም አለ። ዛፍ ያለበት ዪ በጥንቶቹ ግጥሞች ውስጥ የሚገኝ የአንድ ዛፍ ስም ነው። ዛፍ ያለበት የጠረጴዛ ፊደልም ቀድሞውኑ የጀልባ መቅዘፊያ ነው። እሱ እንዳሰበው ሰው የሚደገፈው ነገር ዪ የተባለው በመደገፉ ነው፤ ከፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ «ጁዎ» የተባለው በመቆሙ ነው።

ትክክል ነበር። «ጁዎዝ»፣ የዛሬው ጠረጴዛ፣ ከፍ ብሎ መቆም ከሚለው ቃል ነው የመጣው። የድሮው ገበታ ሚስት ለባሏ አክብሮት እስከ ቅንድቧ ከፍ አድርጋ የምታቀርበው ትንሽ ነገር ነበር። አዲሱን ማንም አያነሳውም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ወንበር ከፍ ሲል ጠረጴዛው ተከትሎት አደገ፤ ለየብቻ የቀረበ ገበታም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰብ ጀመረ። «ደንግዝ»፣ በርጩማ፣ መውጣት ከሚለው «ደንግ» ነው፤ ወደ አልጋ ወይም ወደ ሠረገላ ሲወጡ የሚረግጡት ነገር ነበር። መደገፍ፣ መቆም፣ መውጣት። ሦስቱም ስሞች ከመሬት የመነሳት ሥራ ናቸው። ስም አውጪው ዕቃውን እያየ አልነበረም፤ ገላው ምን እያደረገ እንደሆነ ነበር የሚሰማው።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ዝ» በፊደሏ ልጅ ማለት ናት። ኮንፊሽየስን ቻይናውያን ኮንግዝ ሲሉት በሙሉ ድምፅ የሚያከብሩት በዚሁ ፊደል ነው፤ ከዕቃ ስም ኋላ ስትመጣ ግን ድምፅዋ ይላላል፣ ትርጉሟም ይጠፋል። ሥራዋ ሌላ ነው። በዘመናት ብዛት ብዙ የቻይንኛ ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ዪ ብቻ ብለው ቢጠሩ ጆሮ አይለየውም፤ ዪዝ ሲሉ ግን ሁሉም ያውቃል። ቅርብ ጊዜ የመጣው ሶፋ ይህን ሁሉ መንገድ አልሄደም። «ሻፋ» ይሉታል፣ ድምፁን ብቻ ወስደው፤ ፊደሎቹ አሸዋና መላክ ናቸው፣ ከመቀመጥ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በአረብኛው ሱፋ በኩል እኛም የተካፈልነው ቃል ነው።

የኋንግ ቅሬታ ሰሚ አላገኘም። አናጺው፣ ነጋዴው፣ ጸሐፊው ዕቃው ከእንጨት ነው ብለው ሰውየውን አውጥተው ዛፉን አስገቡ፤ ዛሬ ወንበርን በሰው ምልክት የሚጽፍ የለም። ዋጋውን የከፈለው ዛፉ ነው። በጥንቶቹ ግጥሞች ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ተንዠርጎ የሚወደስ፣ እንጨቱ ለበገና መሰል ባለክር መሣሪያ የሚተከል ዛፍ ነበር። ፊደሉን ወንበሩ ከወሰደበት በኋላ በሌላ ስም መጠራት ነበረበትና አሁን «ሻንቶንግዝ» ይባላል። መዝገበ ቃላት የሚከፍት ሰው ግን ሁለቱንም ያገኛቸዋል። በዚያው በአንድ ፊደል ሥር ሁለት ንባብ አለ፤ ድምፁ ወርዶ ሲነሳ ወንበር ነው፣ ከፍ ብሎ ሳይወርድ ሲነበብ ደግሞ ዛፉ ነው።